ሰው ፊት መናገር ለሚያስጨንቃችሁ፦ በቪአር መነጽርና በባዮፊድባክ ስታከም ያየሁት

ሕክምናው በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም በሚያሳይ መነጽር (ቪአር) ውስጥ ሰው ፊት መናገርን መለማመድና የራስን የልብ ምት፣ ላብና ትንፋሽ ስክሪን ላይ ማየት (ባዮፊድባክ) ነው። ስለዚህ ሕክምና ሳወራ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እንዴ፣ በጌም መነጽር ጭንቀት ይድናል?» ይሉኛል። መነጽሩ ብቻውን አያድንም። እኔን የጠቀመኝ አንድ ነገር ስላሳየኝ ነው። ፍርሃቱ ይመጣል፣ ጣሪያ ይነካል፣ ካልሸሸሁት ደግሞ ራሱ ይወርዳል። ይህን በቃል ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር። የራሴን ልብ ስክሪን ላይ ሳይ ግን ማመን ግድ ሆነብኝ።

የምኖረው አትላንታ ነው። በዲቪ ነው የመጣሁት። ሥራዬ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ሙያውን የመረጥኩትም ከሰው ጋር ብዙ ስለማያገናኝ ነው። የደም ናሙና አይታዘብም። ምሳዬን መኪናዬ ውስጥ ነበር የምበላው። ስብሰባ ላይ «ራሳችሁን አስተዋውቁ» ከተባለ ተራዬ እስኪደርስ የሌላውን ስም አልሰማም፤ የራሴን ስም በሆዴ እየደጋገምኩ ነው። የማላውቀው ቁጥር ከደወለ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

ከሐበሻ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብስብኝ ነበር። ፈረንጅ ቢታዘበኝ ነገ ላያገኘኝ ይችላል። የማህበር ሰው ግን ያውቀኛል፣ እናቴን ያውቃል፣ ወሬው ደሴ ድረስ ይሄዳል። ሰው ቤት «ነይ ቡናውን ቅጂልን» ሲሉኝ ጀበናውን እንዳነሳሁ እጄ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የጀበናው አፍ ሲኒውን ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚሰማው ይመስለኛል። ስለዚህ ሰርግም ይሁን ልደት እንደደረስኩ ቀጥታ ኩሽና ነው። ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ። «እንዴት ያለች ታታሪ ልጅ!» ይሉኛል። ማንም መደበቄን አላወቀም።

የጀመረኝ ልጅ ሳለሁ ነው። እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ተነስቼ ሳነብ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ልጆቹ ሳቁ፣ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት መሄድ ራሱ ሆዴን ያባባኝ ጀመር። ይህ ሰው ይታዘበኛል የሚል ከባድ ፍርሃት ማህበራዊ ጭንቀት እንደሚባልና አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ እንደሚጀምር ያወቅኩት ብዙ ቆይቶ ነው። እኛ ቤት እንደ ችግር የሚያየው አልነበረም። ዝም የምትል ሴት ልጅ ጨዋ ትባላለች። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ መግባቴ ያስመሰግነኝ ነበር።

ዓይን አፋር ሰው መጀመሪያ ያፍርና ሲቆይ ይለምዳል። እኔ አልለምድም። ለአንድ የአምስት ደቂቃ ንግግር ከሳምንት በፊት ጀምሬ እጨነቃለሁ። ካለፈም በኋላ ሌሊቱን ሙሉ «ለምን እንደዚያ አልኩ?» እያልኩ አድራለሁ። ሕይወታችሁ በዚህ ዙሪያ መታጠፍ ከጀመረ፣ ማለትም ሥራ፣ ትምህርት፣ ትዳር የምትመርጡት በፍርሃቱ ልክ ከሆነ፣ ያ ጠባይ ከመባል አልፏል። ማህበራዊ ጭንቀት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ እንደ ሕመም የተመዘገበው በ1980 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ሕክምናም አለው።

እኔን ወደ ሐኪም የወሰደኝ የሥራ እድገት ነው። የፈረቃ ኃላፊ ሁኚ ተባልኩ። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ግን በየጠዋቱ ተረካቢዎቹ ፊት ቆሞ ሪፖርት ማድረግ አለው። እምቢ ልል ወረቀቱን ይዤ ስዞር ሰነበትኩና መጨረሻ ላይ ለቤተሰብ ሐኪሜ ነገርኳት።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ደስ አሰኘኝ። ደም አዘዘች። የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል። የደም ማነስም ልብ ያስመታል። እነዚህን ሳያዩ «ጭንቀት ነው» ማለት ልክ አይደለም፤ የላብራቶሪ ሰው ስለሆንኩ አይደለም ይህን የምለው። ውጤቱ ደህና ሆነ። ከዚያ ማህበራዊ ጭንቀትን የሚለካውን የሊቦዊትዝን መጠይቅ ሰጠችኝ። 24 ሁኔታዎች አሉት፤ ስልክ ማውራት፣ ሰው ፊት መብላት፣ ዕቃ ሱቅ መመለስ የመሳሰሉ። ለእያንዳንዱ ምን ያህል እንደምትፈሩትና ምን ያህል እንደምትሸሹት ከ0 እስከ 3 ትሞላላችሁ። ድምሩ 144 ድረስ ይሄዳል። የእኔን ቁጥር አልነግራችሁም፤ ከፍ ያለ ነበር።

ስለ መድኃኒትም ነገረችኝ። ሰርትራሊንን የመሳሰሉት ለዚህ ሕመም ይታዘዛሉ፣ የጠቀማቸው ሰዎችም አውቃለሁ። እኔ በንግግር ሕክምናው ልጀምር አልኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ከንግግር ወይም ከፈተና በፊት ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን ክኒን ከጓደኛ ተቀብሎ የሚውጥ ሰው አይቻለሁ። ልብን ያረጋጋል፣ እውነት ነው። ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ሳትጠይቁ አትዋጡ።

ቴራፒስቷን ያገኘኋት የሳይኮሎጂ ተማሪዎች በሚሠለጥኑበት ክሊኒክ ነው። እንዲህ ያሉ ክሊኒኮች ክፍያቸው በገቢ ልክ ስለሆነ ርካሽ ናቸው፤ ሠልጣኞቹን ደግሞ ልምድ ያላቸው ሰዎች ይቆጣጠሯቸዋል። መነጽሩን ስታሳየኝ ሳቄ መጣ። እሷ ግን ቁም ነገር ነበራት። ይህ ነገር ካደገባቸው ከተሞች አንዷ ራሷ አትላንታ ናት። በ1995 የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲዋ ባርባራ ሮዝባምና የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲው ላሪ ሆጅስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከፍታ የሚፈሩ ሰዎችን በኮምፒውተር በተሠራ ዓለም ውስጥ አክመው ውጤቱን አሳተሙ። በ2013 ደግሞ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ፔጅ አንደርሰንና ባልደረቦቿ 97 ማህበራዊ ጭንቀት ያለባቸውን ሰዎች አጠኑ። በቪአር የታከሙት በቡድን ፊት ለፊት ከታከሙት ጋር እኩል ተሻላቸው።

እኔ እንዳምናት ያደረገኝ ሌላውንም ስላልደበቀችኝ ነው። በ2016 ኔዘርላንድ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከእውነተኛ ሰው ጋር የተለማመዱት በቪአር ከተለማመዱት በአንዳንድ መለኪያዎች የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። በ2017 ካናዳ ኩቤክ ውስጥ የእስቴፋን ቡሻር ቡድን ባደረገው ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። «ስለዚህ መነጽሩ ተአምር አይደለም» አለችኝ። «ዋናው ነገር የምትፈሪውን መጋፈጥሽ ነው። መነጽሩ የሚጠቅመው አሁን ወደ እውነተኛው ስብሰባ ግቢ ብልሽ ስለማትገቢ ነው።» እውነቷን ነው፤ አልገባም ነበር።

መነጽሩን ከማድረጌ በፊት ሰውነቴን ማየት ተማርኩ። ባዮፊድባክ የሚሉት ይህንን ነው። ደረቴ ላይ የልብ ምት የሚለካ ቀበቶ፣ ሁለት ጣቶቼ ላይ ላብ የሚለኩ ትናንሽ ሴንሰሮች፣ ሆዴ ላይ ትንፋሽ የሚከተል ማሰሪያ። ሁሉም በየራሱ መስመር ስክሪኑ ላይ ይሄዳል።

መጀመሪያ የገረመኝ የልቤ መስመር ነው። ጤነኛ ልብ እኩል እኩል የሚመታ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አየር ወደ ውስጥ ስትስቡ ይፈጥናል፣ ስታስወጡ ይቀንሳል። ትንፋሹ በዝግታ ሲሄድ ይህ መውጣትና መውረድ ይሰፋል። ፖል ሌረር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሲያጠኑት በደቂቃ ከ4 ተኩል እስከ 6 ተኩል ትንፋሽ ባለው መካከል ለእያንዳንዱ አዋቂ ሰው ልቡ በጣም የሚወዛወዝበት ፍጥነት እንዳለ አገኙ። የእኔን ለማግኘት በተለያየ ፍጥነት ሁለት ሁለት ደቂቃ እየተነፈስኩ ሞከርን። 5 ተኩል ላይ ቆመ። ይህም አንዱ ትንፋሽ 11 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል ማለት ነው።

ቤት ስትሞክሩት አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀስ በሉ እንጂ በጣም በጥልቀት አትሳቡ። እኔ መጀመሪያ አየሩን ምግ አድርጌ ስስብ ራሴን አዞረኝ፣ ጣቶቼን ወረረኝ። ብዙ አየር ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ስለሚቀንስ ነው። በአፍንጫ ረጋ ብሎ መሳብ፣ በከንፈር ረዘም አድርጎ ማውጣት፣ በቃ። የሌረር አሠራር በቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ይላል። እኔ ማታ ማታውን አጥብቄ ያዝኩት፤ ጠዋቱ ግን ፈረቃ እየመጣ አስቸገረኝ።

የላቡ መስመር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የመዳፍ ላብ ከሙቀት ይልቅ ከስሜት ጋር ነው የሚሄደው። ቴራፒስቷ «አሁን ስምሽንና ሥራሽን ጮክ ብለሽ ትነግሪኛለሽ» አለችኝ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ተናግሬ ስጨርስ ወረደ። ያን ዕለት ብዙ ነገር ገባኝ። ሰውነቴ የሚደነግጠው ከንግግሩ በፊት ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ የምሸሸው እዚያው ጫፍ ላይ ስደርስ ነበር፤ መውረዱን አይቼው አላውቅም።

(ስትለኩ ቡና አትጠጡ። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። ግን አቦል ቶና በረካ ጠጥቶ የመጣ ልብ የፍርሃቱንና የካፌኑን ለይቶ አይነግራችሁም።)

ከዚያ መነጽሩ መጣ። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ሹሩባ ከተሠራችሁ ማሰሪያው ከኋላ ይቆረቁራል፤ እኔ ቀጠሮ ባለኝ ሳምንት ወፍራም ሹሩባ መሠራት ተውኩ። የዓይን መነጽር የምታደርጉም ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ማስተካከያ አለው።

ውስጡ የስብሰባ ክፍል ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠዋል። እውነት ለመናገር ካርቱን ነገር ናቸው፤ ፀጉራቸው ፕላስቲክ ይመስላል፣ ዓይናቸው በደንብ አይርገበገብም። «ይኼ ነው የሚያስፈራኝ?» ብዬ ሳልጨርስ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። አእምሮዬ ውሸት መሆኑን ያውቃል፣ ሰውነቴ ግን አልሰማም። ቴራፒስቷ በኮምፒውተሯ ታዛቸዋለች፤ አንዱ ያዛጋል፣ አንዷ ስልኳን ታያለች፣ ሁለቱ ይንሾካሾካሉ። ከጊዜ በኋላ የመማሪያ ክፍል፣ ቀጥሎም አዳራሽ መጣ።

አሠራሩ ዝም ብሎ ቆሞ መሰቃየት አይደለም። ከመጀመሬ በፊት ምን ይፈጠራል ብዬ እንደምፈራ አጽፋኝ ነበር። «ድምፄ ይዘጋል። አንድ ሰው ይስቃል። አቋርጬ እወጣለሁ።» ከዚያ እናገራለሁ። መሃል መሃል ላይ ፍርሃቴን ከ0 እስከ 100 እሰጣለሁ፤ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፔ ያመጣው መለኪያ ነው። ስጨርስ ወረቀቱን አውጥተን የተጻፈውን ከሆነው ጋር እናስተያያለን። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ አዎ። አልተዘጋም። አልወጣሁም።

መስመሩ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ያሳያል። ልቤ ጣሪያ የሚነካው ልጀምር ስልና የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ለካ ከዚህ በፊት ያን አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር የማውቀው።

አንዳንዴ ቁጥሩና ስሜቱ አይገጥሙም። ሞትኩ ባልኩበት ዕለት ልቤ ይህን ያህል አልፈጠነም፤ ደህና ነኝ ባልኩበት ቀን ደግሞ መዳፌ ላብ በላብ ሆኗል። ግራ ገባኝ። ይህ የተለመደ ነው፤ ስሜት፣ ሰውነትና ድርጊት ሁልጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደማይሄዱ ተመራማሪዎች ከጻፉት ቆይተዋል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት አትዩት። ዝቅ ያለ ልብ ማርክ አያሰጥም።

ከመነጽሩ እኩል የጠቀመኝ ተራ የቪዲዮ ካሜራ ነው። ስናገር ቀረጸችኝ። ከማየቴ በፊት «እጅሽ ምን ያህል የሚታይ ይመስልሻል?» አለችኝ። «ክፍሉ በሙሉ ያየዋል» አልኩ። «እንግዲህ የማታውቂያት ሴት እንደሆነች አድርገሽ እያት» ብላ ከፈተችው። እጄ እዚያ አለ። ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ካላወቅሽ አታዪውም። ፊቴ እሳት የነደደበት መስሎኝ ነበር፤ ምንም የለም። ይህ ዘዴ ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ የተባሉ የእንግሊዝ ሳይኮሎጂስቶች በ1995 ካወጡት ሐሳብ ጋር ይሄዳል። ይህ ጭንቀት ያለበት ሰው ትኩረቱ ወደ ውስጥ ይዞራል። ከውስጥ የሚሰማውን ከውጭ የሚታይ ይመስለዋል። በዚያ ላይ ለመደበቅ የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ፤ ብርጭቆ በሁለት እጅ መያዝ፣ ዓረፍተ ነገሩን በሆድ መሸምደድ፣ ሰው ዓይን አለማየት። እነዚህ ይበልጥ ያባብሱታል። ስለዚህ ልምምዱ ትኩረትን ወደ ውጭ ማዞር ነበር። ማን ምን ለብሷል? የትኛው ሰው እየሰማኝ ነው? ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና እዩት።

አሁን ለእኔ ከሁሉ ያስቸገረኝ ክፍል ላይ ደርሰናል። ትንፋሹን በደንብ ከለመድኩ በኋላ ወደድኩት። መናገር ስጀምር ዓይኔ የልቤን መስመር ይፈልጋል፤ ከወረደ እረጋጋለሁ፣ ካልወረደ እደነግጣለሁ። ቴራፒስቷ ይህን ከመጀመሪያው ትጠብቀው ኖሯል። አንድ ቀን ስክሪኑን ዘጋችው። «ዛሬ ሳትተነፍሺ» አለችኝ፤ ማለትም ሳልቆጥር። «ልብሽ እንደፈለገ ይምታ። እየመታም ተናገሪ።» ትንፋሹ ራሱ አዲስ መደበቂያ እንዳይሆንብኝ ነው። «ተረፍኩ፣ በትንፋሼ ምክንያት» ብዬ ካሰብኩ ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ትንፋሹ ካልሠራልኝ ምን ልሆን ነው?

ያ ቀን ከሁሉም ከብዶኝ ነበር። ልቤ በትክክል ምን ያህል እንደመታ አላውቅም፤ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ንግግሩን ጨረስኩት። ባዮፊድባክን የምትሞክሩ ሁሉ ይህን ክፍል እንዳትዘሉት። መሣሪያውን የሚሸጡ ሰዎች «ልብሽን አረጋጊ» ብቻ ነው የሚሉት። እኔን ነፃ ያወጣኝ ልቤ ሳይረጋጋም መናገር እንደምችል ማየቴ ነው። ትንፋሹን አሁንም እወደዋለሁ፤ ማታ ከመተኛቴ በፊትና ከከባድ ፈረቃ በኋላ። ሰው ፊት ስቆም ግን ትቼዋለሁ።

ሌላው ጉድለት ደግሞ የእኛ ሰው እዚያ ውስጥ የለም። ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉት ሁሉ ኮት የለበሱ ፈረንጆች ናቸው። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ነጠላ የለበሱት እትዬዎች ናቸው! ይህን ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ አሰበችበት። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ዙሪያውን በሙሉ የሚቀርጽ ካሜራ አለው። ቤቱ ቡና ሲፈላ ሰዎቹን አስፈቅዶ ካሜራውን ቡና የምትቀዳዋ ሴት በምትቀመጥበት ቦታ አስቀምጦ ቀረጸልኝ። መነጽሩን አድርጌ ስከፍተው ረከቦቱ እግሬ ሥር ነው፤ ዙሪያውን የማውቃቸው ሴቶች ተቀምጠዋል፣ አንዷ ቀጥታ ታየኛለች። ከአዳራሹ ሁሉ ይልቅ ያ ቪዲዮ አልቦኛል። እጣን ብቻ ነው የጎደለው።

ቪዲዮ ስለሆነ ምንም ብናገር አይመልሱልኝም። ይህ ድክመቱ ነው። ለእኔ ግን ድልድይ ሆነልኝ። ቴራፒስቷ እዚያው እያየሁ ባዶ ጀበናና ሲኒ በእጄ አስያዘችኝ። ቀጥሎ ውሃ። ቀጥሎ ቤቴ፣ ለአንድ ጓደኛዬ። ከዚያ እውነተኛው ቤት፣ እውነተኛዎቹ እትዬዎች። እንዲያውም ሆን ብዬ ትንሽ እንዳፈስ አዘዘችኝ። አፈሰስኩ። «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉኝ አንዷና በጨርቅ ጠረጉት፤ ወዲያው ስለ ቤት ኪራይ መጨመር ወደያዙት ወሬ ተመለሱ። በቃ ይኸው ነው። ለዚህ ነው ዓመታት ሽንኩርት ስልጥ የኖርኩት።

የሥራውን እድገት ተቀበልኩ። የጠዋቱ ሪፖርት አሁንም የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ያስቸግረኛል። ሰርግ ላይ ማይክ ስጡኝ የምል ሰው አልሆንኩም፣ መሆንም አልፈልግም። ምሳዬን ግን ከሰው ጋር እበላለሁ። እናቴ በስልክ «ጸበሉ ሠራልሽ አይደል?» አለችኝ። «እማዬ፣ ሁለቱም» አልኳት። ከእናት ጋር ክርክር የለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። መነጽሩን ገዝቼ ቤቴ ብሞክርስ የሚል ይኖራል። መሞከር ይቻላል፣ ንግግር የሚያለማምዱ መተግበሪያዎችም አሉ። ግን የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አታድርጉት። ማቅለሽለሽም ያመጣል፤ በተለይ ምስሉ እየሄደ እናንተ ተቀምጣችሁ ከሆነ። እኔ ቆሜ የምናገርበት ዓይነት ስለሆነ ብዙ አላስቸገረኝም። ከመነጽሩ በኋላ ወዲያው መኪና አትንዱ፣ ትንሽ አረፍ በሉ። የልብ ምት የሚለካ ርካሽ ነገር ከፈለጋችሁ የደረት ቀበቶ ይሻላል፤ ጣት ላይ የሚደረገው እጅ ሲቀዘቅዝና ሲንቀሳቀስ ይሳሳታል።

አገር ቤት ላላችሁ ወይም መነጽር ለማታገኙ ደግሞ፣ ብዙ አልቀረባችሁም። የኔዘርላንዱን ጥናት አስታውሱ፤ እዚያ እውነተኛ ሰው ላይ መለማመድ ከመነጽሩ አላነሰም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2013 ለዚህ ሕመም በመጀመሪያ ያስቀመጠውም ለአንድ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ሲቢቲ (አስተሳሰብንና ድርጊትን የሚቀይር የንግግር ሕክምና) ነው፣ ያለ ምንም መነጽር። የምትፈሩትን ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንደ መሰላል ደርድራችሁ በወረቀት ሥሩ። ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት፣ ታክሲ ውስጥ ጮክ ብሎ «ወራጅ አለ!» ማለት፣ ዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ። ከእያንዳንዱ በፊት የፈራችሁትን ጻፉ፣ በኋላ የሆነውን ጻፉ። ሐኪም ካስፈለገ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስሙን ሰምታችሁ አትሽሹ፤ ጭንቀትም ያክማሉ። ጭንቀቱ ራስን ወደ መጥላት ወይም ሞትን ወደ መመኘት ካደረሳችሁ ግን መሰላሉን ትታችሁ ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ። አሜሪካ ላላችሁ 988 የሚባለው የስልክ መስመር ሌትም ቀንም ይሠራል።

አሜሪካ ውስጥ ቴራፒስት ስትፈልጉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ኤክስፖዠር ትሠራላችሁ ወይ?» በሉ። የፈሩትን በትንሽ በትንሹ መጋፈጥ ማለት ነው። «እናወራለን፣ እንረጋጋለን» ብቻ ከሆነ መልሱ ሌላ ፈልጉ። በአማርኛ ካልሆነ አይመቸኝም የምትሉ ደግሞ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። አስተርጓሚው የማህበራችሁ ሰው እንዳይሆን ከፈራችሁ በስልክ ከሌላ ስቴት እንዲሆን ጠይቁ። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ስልኩን መደወል ራሱ ያቃተው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም አልደወልኩም። ቀጠሮውን በኢሜይል ነው የያዝኩት። ሁለት መስመር ይበቃል። «ማህበራዊ ጭንቀት ያለብኝ ይመስለኛል። ለምርመራ ቀጠሮ እፈልጋለሁ፤ ስልክ ስለሚከብደኝ በኢሜይል መልሱልኝ።» እነሱ ይህን በየቀኑ ስለሚያዩ አይገርማቸውም።